ትልቅ ሙሉ ቁጥርን በእጅ መፍታት፦ 11,036,808 ከነባሕርያቱ

የምንፈታው ቁጥር 11,036,808 ነው፤ አሥራ አንድ ሚሊዮን ሠላሳ ስድስት ሺህ ስምንት መቶ ስምንት። ጅማ የቡና አገር ናትና እንዲህ ያለ ቁጥር በኪሎ ድምር ላይ ቢገኝ እንግዳ አይደለም። እዚህ የተመረጠው ግን በእጅ መፈታት የሚችል ሆኖ ተማሪዎች የሚወድቁባቸው ወጥመዶች ስለተሰበሰቡበት ነው። የሚያስፈልገው ሁለት ገጽ ደብተርና እስክሪብቶ ነው። ካልኩሌተር መጨረሻ ላይ ለማመሳከሪያ ይቆይ፤ ከመጀመሪያው ከተያዘ እጅ ይቸኩላል፣ የተሞከረውም ሳይጻፍ ይቀራል።

ግቡ አንድ ነው፦ ቁጥሩን የብቸኛ ቁጥሮች (ከ1 የሚበልጡ ሆነው ከ1ና ከራሳቸው በቀር አካፋይ የሌላቸው ቁጥሮች) ብዜት አድርጎ መጻፍ። ያ አንድ መስመር ከተገኘ ስንት አካፋይ አለው፣ የአካፋዮቹ ድምር ስንት ነው፣ ሙሉ ስኩዌር (አንድ ሙሉ ቁጥር በራሱ ተባዝቶ የሚሰጠው) ነው ወይ፣ የሁለት ስኩዌሮች ድምር መሆን ይችላል ወይ የሚሉት ጥያቄዎች ሁሉ ቁጥሩን ዳግም ሳይነኩ ይመለሳሉ። ስለዚህ አብዛኛው ድካም እዚያ መስመር ላይ ይዋል።

ከማካፈል በፊት፦ ሦስት ድምሮች

ቁጥሩን ከቀኝ ጀምራችሁ ሁለት ሁለት አሃዝ እያደረጋችሁ ክፈሉት፦ 11 | 03 | 68 | 08። ከሥሩ ደግሞ ሦስት ሦስት አሃዝ አድርጉት፦ 11 | 036 | 808። ሁለት ሁለት አድርጎ መክፈል የግዕዝ ቁጥር አጻጻፍ ራሱ ነው። 08 ፰፣ 68 ፷፰፣ 03 ፫፣ 11 ደግሞ ፲፩ ይሆናል፤ በየመካከላቸው ከቀኝ ጀምሮ ፻፣ ፼፣ ፻ ይገባል። ሲገጣጠም ፲፩፻፫፼፷፰፻፰ ይሆናል። በግዕዝ ቁጥር ዜሮ ስለሌለ 03 እና 08 አንድ አንድ ምልክት ብቻ ይይዛሉ። ወደተለመደው አሃዝ ስትመልሱ የጥንዱን ዜሮ ከረሳችሁ 11,036,808 የነበረው 113,688 ሆኖ ይቀራል፤ ስለዚህ ጥንዶቹን ሁልጊዜ በሁለት አሃዝ ጻፉ።

የመጀመሪያው ድምር የጥንዶቹ ነው፦ 11 + 3 + 68 + 8 = 90። 100 ማለት 99 ሲደመር 1 ስለሆነ፣ ቁጥሩ ለ9 ወይም ለ11 ሲካፈል የሚተርፈው 90 ለ9 ወይም ለ11 ሲካፈል የሚተርፈው ነው። 90 ለ9 ሲካፈል ምንም አይተርፍም፤ ለ11 ሲካፈል ግን 2 ይተርፋል። ቁጥራችን በ9 ይካፈላል፣ በ11 አይካፈልም። በትምህርት ቤት የሚሰጠው የ11 ዘዴ አንዱን አሃዝ እየደመሩ ቀጣዩን እየቀነሱ መሄድ ነው፤ እሱም ትክክል ነው፣ ነገር ግን ከየት በኩል እንደሚጀመር የረሳ ሰው ቀሪውን ይገለብጣል። የጥንዶቹ ድምር ይህ ችግር የለበትም።

ሁለተኛው የሦስት ሦስቱ ድምር ነው፦ 11 + 36 + 808 = 855። 999 = 27 × 37 በመሆኑ 855 የ27ንም የ37ንም ቀሪ ይነግረናል። ለ27 ሲካፈል 18 ይተርፋል፣ ለ37 ሲካፈል 4 ይተርፋል። ሁለቱም ወደቁ።

ሦስተኛው እየቀነሱ መደመር ነው፦ 808 − 36 + 11 = 783። እዚህ ከቀኝ መጀመር ግዴታ ነው። 1001 = 7 × 11 × 13 ስለሆነ በአንድ ሥራ ሦስት ብቸኛ ቁጥሮች ይፈተናሉ። 783 ለ7 ሲካፈል 6፣ ለ11 ሲካፈል 2፣ ለ13 ሲካፈል 3 ይተርፋል። ከሦስቱ አንዱም አያካፍለውም። የ11 ቀሪ በሁለቱም መንገድ 2 ሆኖ መምጣቱን ልብ በሉ፤ ባይገጥም ኖሮ ከድምሮቹ አንዱ ተሳስቷል ማለት ነበርና ወደፊት ከመሄድ ተመልሶ መደመር ይሻላል።

አንድ ወጥመድ እዚሁ አለ። የቁጥሩ አሃዞች ድምር 1+1+0+3+6+8+0+8 = 27 ነው። ብዙ ተማሪ «ድምሩ 27 ስለሆነ በ27 ይካፈላል» ብሎ ይጽፋል። የአሃዝ ድምር የሚሠራው ለ3 እና ለ9 ብቻ ነው፤ ምክንያቱም 10 ለ9 ሲካፈል 1 ይተርፋል፣ ለ27 ሲካፈል ግን የሚተርፈው ራሱ 10 ነው። ከላይ እንዳየነው ትክክለኛው የ27 ቀሪ 18 ነው።

የወደቀውን ሁሉ ከነቀሪው በገጹ ጠርዝ ላይ ጻፉት፦ 7 (6)፣ 11 (2)፣ 13 (3)፣ 37 (4)። 5ም መጨረሻው 8 ስለሆነ ወድቋል። ዋናውን ቁጥር ያላካፈለ ብቸኛ ቁጥር በኋላ ከሚገኙት ድርሻዎች አንዱንም አያካፍልም፤ ስለዚህ እነዚህን ሁለተኛ መሞከር የለም። ያካፈለ ግን በድርሻው ላይ እንደገና መሞከር አለበት።

ማካፈሉ

መጨረሻዎቹ ሦስት አሃዞች 808 ናቸው፤ 808 ለ8 ሲካፈል 101 ነው፣ ስለዚህ ቁጥሩ በ8 ይካፈላል። ለ16 አራቱ የመጨረሻ አሃዞች ይታያሉ፤ 6808 ለ16 ሲካፈል 8 ይተርፋል። ስለዚህ 2 ሦስት ጊዜ ብቻ አለ።

11,036,808 ÷ 8 = 1,379,601
1,379,601 ÷ 9 = 153,289

የ153,289 አሃዞች ድምር 28 ነው፣ 3 ከዚህ በላይ የለም። 5፣ 7፣ 11፣ 13 ቀድመው ተሰርዘዋል። የሚቀጥለው 17 ነው። ለ17 በትምህርት ቤት የሚሰጥ ቀላል ዘዴ ስለሌለ ብዙዎች ዘልለውት ወደ 19 ያልፋሉ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ድካም ሁሉ ከዚህ መዝለል የሚመጣ ነው።

የ17 ዘዴ ይህ ነው፦ የመጨረሻውን አሃዝ አንሡ፣ በ5 አባዙት፣ ከቀረው ላይ ቀንሱ። 15328 − 45 = 15283፤ 1528 − 15 = 1513፤ 151 − 15 = 136። 136 ማለት 8 × 17 ነው። ይካፈላል። የሚሠራበት ምክንያት 51 የ17 ብዜት መሆኑ ነው።

ጅማ ላይ ግን ከዚህም ያጠረ መንገድ አለ። በቡና ንግድ አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው፤ ከሚዛን አጠገብ የዋለ ሰው የ17ን ብዜት ማስላት አያስፈልገውም። 153 ዘጠኝ ፈረሱላ ነው፣ 289 ደግሞ አሥራ ሰባት ፈረሱላ። 153,289 እንግዲህ 153 ሺህ እና 289 ነውና ድርሻው 9 ሺህ እና 17 ይሆናል፦ 9017። ማካፈል ሳይሠራ ተካፈለ። የትልቅ ቁጥር ሥራ በአብዛኛው ይህ ነው፤ ቁጥሩን ሺህና ከሺህ በታች አድርጎ ከፍሎ በየክፍሉ የሚታወቅ ብዜት መፈለግ። ሙሉው 11,036,808 ኪሎ ቢሆን ልክ 649,224 ፈረሱላ ነው፣ አንድ ኪሎም አይተርፍም። በ60 ኪሎው የኤክስፖርት ጆንያ ቢሞላ ግን 183,946 ጆንያ ሆኖ 48 ኪሎ ይተርፋል፤ 60 ውስጥ 5 አለ፣ በእኛ ቁጥር ውስጥ ግን የለም።

17ን በ9017 ላይ እንደገና ሞክሩ፦ 17 × 530 = 9010፣ 7 ይተርፋል። አበቃ።

9017 እና የፌርማ መንገድ

እዚህ ብዙ ሰው ይቆማል። 9017 በትንንሾቹ አይካፈልምና «ብቸኛ ቁጥር ነው» ተብሎ ይዘጋል። ብቸኛ ነው ለማለት ግን እስከ ስኩዌር ሩቱ ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ መሞከር ግድ ነው። የ9017 ስኩዌር ሩት ከ95 ትንሽ ያንሳል፤ እስከ 89 መሄድ አለብን። ልብ በሉ፣ የመጀመሪያው ቁጥር ስኩዌር ሩት በ3322 እና በ3323 መካከል ነበር። በ8፣ በ9ና በ17 በማካፈላችን ብቻ የፍለጋው ድንበር ከ3322 ወደ 94 ወርዷል። ድንበሩን ከእያንዳንዱ የተሳካ ማካፈል በኋላ እንደገና አስሉት፤ የድሮውን ድንበር ይዞ መቀጠል ከንቱ ድካም ነው።

በተራ ማካፈል ከሄድን ከ19 ጀምሮ እስከ 71 ድረስ መሄድ አለብን። የፈረንሳዩ የሒሳብ ሊቅ ፌርማ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ያሳየው መንገድ ግን መቀነስ ብቻ ይፈልጋል። ኢተጋማሽ የሆነ ቁጥር የሁለት ቁጥሮች ብዜት ከሆነ የሁለት ስኩዌሮች ልዩነት ሆኖ መጻፍ ይችላል። ከስኩዌር ሩቱ በላይ ካለው የመጀመሪያው ሙሉ ቁጥር፣ ማለትም ከ95 ጀምረን ስኩዌሩን እንወስድና 9017ን እንቀንሳለን፦

95² = 9025፣ ልዩነቱ 8
96² = 9216፣ ልዩነቱ 199
97² = 9409፣ ልዩነቱ 392
98² = 9604፣ ልዩነቱ 587
99² = 9801፣ ልዩነቱ 784

784 የ28 ስኩዌር ነው። ስለዚህ 9017 = (99 − 28) × (99 + 28) = 71 × 127።

ልዩነቶቹ ሙሉ ስኩዌር መሆናቸውን ለማወቅ ስኩዌር ሩት ማውጣት አያስፈልግም። ሙሉ ስኩዌር በ2፣ በ3፣ በ7 ወይም በ8 አያልቅም፤ 8፣ 392 እና 587 በዓይን ብቻ ወደቁ። 199 በ9 ስለሚያልቅ ያሳስታል፤ ኢተጋማሽ ስኩዌር ለ4 ሲካፈል ግን ምንጊዜም 1 ይተርፈዋል፣ 199 ደግሞ 3 ይተርፈዋል። ያም ወደቀ። ስኩዌሮቹንም እንደ አዲስ አታባዙ፤ ከ95² ወደ 96² ለመሄድ 95 + 96 = 191 መደመር ይበቃል፣ ቀጥሎ 193፣ ቀጥሎ 195።

ይህ መንገድ ፈጣን የሚሆነው ሁለቱ አካፋዮች ሲቀራረቡ ብቻ ነው። 17ን ዘልላችሁ በ153,289 ላይ ብትጀምሩት ከ392 ተነሥታችሁ 667 ላይ ነው የምትደርሱት፣ 276 ሙከራ ማለት ነው። በ9017 ላይ አምስት ሙከራ በቃን። ስለዚህ ትንንሾቹን ብቸኛ ቁጥሮች አስቀድሞ ማውጣት አማራጭ የለውም።

71 እና 127 ብቸኛ መሆናቸውን አረጋግጡ። ለ71 እስከ 7፣ ለ127 እስከ 11 መሞከር ይበቃል። ሁለቱም ያልፋሉ። ይህን እርምጃ «ይታያል» ብሎ መዝለል ያስቀጣል፤ 91 (7 × 13)፣ 119 (7 × 17)፣ 1207 (17 × 71) እና 2159 (17 × 127) ብቸኛ መስለው ብዙ ሰው አሳስተዋል።

መስመራችን ይኸው፦

11,036,808 = 2³ × 3² × 17 × 71 × 127

አሁኑኑ ይመሳከር። የ11 ቀሪዎችን አባዙ፦ 8 × 9 = 72፣ ቀሪው 6፤ 17 ቀሪው 6፣ 6 × 6 = 36፣ ቀሪው 3፤ 71 ቀሪው 5፣ 15፣ ቀሪው 4፤ 127 ቀሪው 6፣ 24፣ ቀሪው 2። ከላይ ካገኘነው 2 ጋር ገጠመ። በ13 ስትሠሩት 3፣ በ7 ስትሠሩት 6 መምጣት አለበት። ሦስቱም ከገጠሙ የቀረ ስህተት ቢኖር የ1001 ብዜት ብቻ ነው። በ9 ማመሳከር ግን እዚህ ዋጋ የለውም፤ 9 ራሱ ከአካፋዮቹ አንዱ ስለሆነ ሌላው ሁሉ ቢሳሳትም ቀሪው ዜሮ ይመጣል። አሃዝ ማለዋወጥንም አይዝም። 11,306,808 ብላችሁ ብትገለብጡ የአሃዞቹ ድምር አሁንም 27 ነው፤ የጥንዶቹ ድምር ግን 117 ይሆንና ለ11 ሲካፈል 7 ይተርፋል፣ ስህተቱም ይጋለጣል። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሙሉ ጥንዶች ቦታ ሲለዋወጡ ግን የጥንድ ድምር አይዝም፤ ያንን የሦስት ሦስቱ ይይዘዋል።

ከአንዱ መስመር የሚወጣው

የአካፋዮች ብዛት፦ በእያንዳንዱ ርቢ (ከላይ በትንሹ በሚጻፈው ቁጥር፤ ካልተጻፈ 1 ነው) ላይ 1 ደምራችሁ አባዙ። 4 × 3 × 2 × 2 × 2 = 96። ዝርዝራቸውን መጻፍ ካስፈለገ በዘፈቀደ አትፈልጉ። የ72ን 12 አካፋዮች (1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 6፣ 8፣ 9፣ 12፣ 18፣ 24፣ 36፣ 72) በአግድም፣ 1፣ 17፣ 71፣ 127፣ 1207፣ 2159፣ 9017፣ 153,289ን ደግሞ በቁም ጽፋችሁ ሠንጠረዥ አባዙ። 12 በ8፣ 96 ሆኖ ይወጣል፣ አንድም አይደገምም አይጎድልም። ኢተጋማሾቹን ብቻ ለመቁጠር የ2ን ርቢ መተው ነው፦ 24።

ከሠንጠረዡ መሃል የሚገኘው ጥንድ 3048 × 3621 ነው፤ ወደ ስኩዌር ሩቱ ከሁሉም የቀረበው እሱ ነው። 11,036,808 የቡና ችግኝ እኩል ረድፍ ባለው አራት ማዕዘን ቢተከል፣ ሳይጎድልና ሳይተርፍ ወደ እኩል ጎን የሚቀርበው አተካከል 3048 ረድፍ ሆኖ በየረድፉ 3621 ነው።

የአካፋዮች ድምር፦ ለ2³ 1+2+4+8 = 15፣ ለ3² 13፣ ለ17 18፣ ለ71 72፣ ለ127 128። ብዜታቸው 32,348,160 ነው። የተለመደው ስህተት ለ3² 1+9 ብሎ መሃል ያለውን 3 መርሳት ነው። ቁጥሩን ራሱን ስንቀንስ የቀሩት አካፋዮች ድምር 21,311,352 ይሆናል፤ ከቁጥሩ ይበልጣል። ይህ ብልጫ ሳይሰላም ይታወቅ ነበር፦ 6 ፍጹም ቁጥር ነው (1+2+3 = 6)፣ ከ6 የሚበልጥ ማንኛውም የ6 ብዜት ደግሞ የአካፋዮቹ ድምር ከራሱ ይበልጣል።

ከ1 እስከ 11,036,808 ካሉት ከቁጥራችን ጋር ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የሌላቸው ስንት ናቸው? የሒሳብ ሊቁ የኦይለር አሠራር፦ 4 × 6 × 16 × 70 × 126 = 3,386,880። ለ2³ 8 − 4፣ ለ3² 9 − 3 መሆኑን ልብ በሉ፤ ለብቻቸው የመጡት ብቸኛ ቁጥሮች ግን 1 ብቻ ይቀነስላቸዋል።

ሙሉ ስኩዌር አይደለም፤ የ2፣ የ17፣ የ71 እና የ127 ርቢዎች ኢተጋማሽ ናቸው። ሙሉ ስኩዌር ለማድረግ የሚያስፈልገው ትንሹ ማባዣ የእነዚሁ ብዜት 306,578 ነው፤ ውጤቱም የ1,839,468 ስኩዌር ይሆናል።

የሁለት ስኩዌሮች ድምር ሆኖ መጻፍ አይችልም። ለ4 ሲካፈል 3 የሚተርፈው ብቸኛ ቁጥር ሁሉ ርቢው ተጋማሽ መሆን አለበት፤ 3² ያልፋል፣ 71 እና 127 ግን አንድ አንድ ጊዜ መጥተው ይከለክላሉ። የሁለት ስኩዌሮች ልዩነት ሆኖ ግን በ24 መንገድ ይጻፋል። አንዱ 3437² − 881² ነው። ለዚህ ሁለቱም ተጋማሽ የሆኑ አካፋዮች ይመረጣሉ፤ እዚህ 2556 እና 4318። ግማሽ ድምራቸው 3437፣ ግማሽ ልዩነታቸው 881 ነው። 3048 እና 3621ን የመረጠ ሰው ግማሽ ቁጥር ይገጥመዋል፤ አንዱ ተጋማሽ ሌላው ኢተጋማሽ ነውና።

በሁለት ቤዝ (በ0ና በ1 ብቻ ሲጻፍ) 101010000110100010001000 ነው፦ 24 አሃዝ፣ ከእነሱ ስምንቱ 1። መጨረሻው ላይ ያሉት ሦስት ዜሮዎች 2³ ናቸው፤ ከሦስት ቢበዙ ወይም ቢያንሱ ልወጣው ተሳስቷል።

ቁጥሩ ሲያድግ

እስከ ስምንትና ዘጠኝ አሃዝ ይህ አሠራር በእጅ ይሄዳል፤ የሚያዳግተው ሁለት ትልልቅ ብቸኛ ቁጥሮች ብቻ ሲቀሩ ነው። ከዚያ በላይ ወደ ኮምፒውተር መሄድ ይሻላል፣ ግን መሣሪያውን መርጦ። ኤክሴል ከ15 አሃዝ በኋላ ያለውን ወደ ዜሮ ይለውጣል፤ 16 አሃዝ ያለው ቁጥር አስገብታችሁ «በ5 ይካፈላል» ቢላችሁ ያካፈለው የእናንተን ቁጥር አይደለም። የስልክ ካልኩሌተርም ውጤቱን በ10 ርቢ ካሳየ የመጨረሻዎቹ አሃዞች ጠፍተዋል፣ ቀሪ አይጠየቅበትም። የፕሮግራም ቋንቋው ፓይተን የሙሉ ቁጥር ርዝመት ገደብ የለውም፤ ሊኑክስ ባለበት ኮምፒውተር ላይ ደግሞ «ፋክተር» (factor) የሚባለው ትእዛዝ ብቸኛ አካፋዮቹን ይዘረዝራል። ፋክተርን ከማመናችሁ በፊት 11036808ን አስገቡና 2፣ 2፣ 2፣ 3፣ 3፣ 17፣ 71፣ 127 መምጣቱን እዩ። በፓይተን ስታካፍሉ ሁለት እዝባር (//) ተጠቀሙ፤ በአንድ እዝባር የሚገኘው ድርሻ የአስርዮሽ ቁጥር ስለሚሆን ትልቅ ቁጥር ላይ አሃዝ ይጠፋል። ቀሪ ለማውጣት ደግሞ የፐርሰንት ምልክቱ ነው።